ትንሽ አሟቸዋል

የመሥሪያ ቤታችን የኢሜይል ሰርቨር የተቀመጠው ከምድር በታች፣ ከውሃ ማጣሪያው አጠገብ ባለው ክፍል ነው። ጠዋት ሥራ ከመግባታችን በፊት በዚያ ክፍል በር ላይ ተሰልፈን እንምላለን። መሐላው አጭር ነው፦ «ትናንት ያልጠበቅሁትን አልከፈትኩም፤ ሰው የነገረኝን ሳላጣራ አልፈጸምኩም።» አንዱ እያዛጋ ይምላል፣ ሌላው ዳቦውን እያላመጠ። ብዙ ዓመት የማለ ሰው መሐላው ፊት እንደ መታጠብ ይሆንበታል። ሳይምል የገባ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ዘመኑ 2087 ነው፣ ከተማው ደብረ ብርሃን። መሥሪያ ቤታችን ለከተማውና ለዙሪያው ውሃ የሚለቅና የሚዘጋ ነው። እኔ ሔራን እባላለሁ። በልጅነቴ ክፍሉ በሔራንና በሶልያና የተሞላ ነበር፤ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል። ወጣቶቹ ይርዳውና ማስተዋል የሚባሉት ናቸው፤ ስም እንደ ቀሚስ ፋሽን ዞሮ ይመለሳል። የምሠራው ማግለያ ክፍል ነው። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ፕሮግራም፣ እኛ «ዘበኛው» የምንለው፣ ያልወደደውን መልእክት ሁሉ ወደዚያ ክፍል ይጥለዋል። እኔና ይርዳው እያነበብን እንፈርዳለን።

ዘበኛው የወደደውንም ቢሆን እንዲሁ አያሳልፍም። ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ ልመናውን፣ «የኔ ዓለም» እና «አደራ» የሚለውን ሁሉ አራግፎ የቀረውን ያስገባል። ልጄ ከአሰላ የመጀመሪያ ልጁን መወለድ የነገረኝ በዚህ ሰርቨር ነው። ስክሪኔ ላይ የመጣው «ልጅ ተወለደ። ሴት። ሦስት ኪሎ።» የሚል ነበር። በዓመቱ በአካል ስንገናኝ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎልኝ እንደነበር ነገረኝ። ምን ብለህ ነበር ብዬ ብጠይቀው ረስቶታል። እኔም ተናደድኩ፣ ግን በማን ላይ እንደምናደድ አላወቅሁም።

ስልክ የለንም። የውሃ ሠራተኛ ስልክ አይዝም፣ የሚኖረውም በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ዘመዱም የሚያገኘው በሰርቨሩ በኩል ብቻ ነው። ከውጭ ሰው መጥቶ ሊጠይቀን ቢፈልግ እንኳ አስቀድሞ መልእክት ልኮ ዘበኛው ሲፈቅድ ነው። በምትኩ ደመወዙ ደህና ነው፣ ውሃም አይቋረጥብንም።

ይህ ሁሉ የመጣው ከሐምሌው ጥፋት በኋላ ነው። የድሮ ቫይረስ በፋይል ይመጣ ነበር፤ የአሁኑ በዘመድ አንደበት ይመጣል። ያን ጊዜ ዋናውን መስመር የሚቆጣጠር አንድ ሰው ነበረን። በእህቱ አጻጻፍ፣ በእህቱ ቀልድ ሳይቀር መልእክት መጣለት፦ «እማማን ትንሽ አሟታል፣ ሐኪሙ የላከውን አባሪ ቶሎ ክፈተውና እየው።» ከፈተው። ከተማው ከሳምንት በላይ ውሃ አጣ፣ በየሆስፒታሉ ኩላሊታቸውን የሚያሳጥቡ ሰዎች አለቁ። የሰውየው እናት ግን ጤነኛ ነበሩ። ጀሪካን ይዘው በራችን ላይ ከተሰለፈው ሰው ጋር ቆመው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ዘበኛው «አሟታል» የሚል ቃል ባየ ቁጥር ይበረግጋል።

ደንቡም ጠነከረ። በማግለያ ክፍል የተነበበ ከክፍሉ አይወጣም፣ በአፍም ቢሆን። ያወጣ ሰው «የተነካ» ይባላል፤ ተገልሎ ይከርማል፣ ቦታውንም ያጣል። የውሃ መስመር በእጁ ያለ ሠራተኛ ደግሞ የሞት ዜና ከደረሰው ሁለት ቀን ከግቢ ሳይወጣ በክትትል ሥር ይቆያል። ያዘነ ሰው የተባለውን ሁሉ ያደርጋል፣ ቫይረስም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው ተብሎ ነው። ይህን ደንብ የጻፈችው የጥበቃ ኃላፊያችን ወይዘሮ ኤልሻዳይ ናት። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። በሐምሌው ጥፋት የሞቱትን ሬሳ ከሆስፒታል ያነሣችው እሷ ነበረች።

አንድ ረቡዕ፣ ከምሳ በፊት ነው፣ ይርዳው ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«እትዬ፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ።»

አየሁት። ዘበኛው ግማሹን በቀይ አስምሮበታል።

«ማስተዋል ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከብቱም እህሉም ደህና ነው። አባትሽን ግን ትንሽ አሟቸዋል። የሚያሰጋ አይደለም። ቢሆንም ዛሬውኑ ተነሥተሽ ብትመጪ ደስ ይለናል። ብቻሽን እንዳትመጪ፣ ሰው ይዘሽ ነይ። እህል ሳትቀምሺ እንዳትወጪ አደራ። አጎትሽ ኪሩቤል፣ ከሞላሌ።»

ከሥሩ የዘበኛው ፍርድ አለ፦ ያጣድፋል። ራሱን ይቃረናል፤ የሚያሰጋ ካልሆነ ለምን ዛሬውኑ? ይለምናል። «ሰው ይዘሽ ነይ» በሚል ሁለተኛ ሠራተኛ ሊያጠምድ ይሞክራል። ከመቶ ዘጠና ሰባት፣ ቫይረስ።

እኔና ይርዳው ተያየን። ያገሬ ሰው ይህን መልእክት አንብቦ የሚያውቀውን አወቅን። አሞታል የተባለ ሰው ይድናል ወይም ይሞታል። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ሰው ይዘሽ ነይ፣ እህል ቅመሺ» የተባለላቸው ግን አርፈዋል። መርዶ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ቫይረሱም ይህን ያውቃል፤ ከእኛው ደብዳቤ ነው የተማረው።

ማስተዋል ዋናውን መስመር የያዘችው ልጅ ናት። ያ የሐምሌው ሰውዬ የነበረበት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። እናቷ በወሊድ ስለሞተችባት ያሳደጋት አባቷ ናቸው፣ አቶ ዮናታን። ፀጉሯን የሚሠሩላት ራሳቸው ነበሩ፤ መንደሩ ይስቅባቸው እንደነበር፣ ሹሩባው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል እንደነበር ምግብ ቤት ተቀምጣ ስታወራ ሰምቻለሁ። ከእሳቸው በቀር ሰው የላትም ማለት ይቻላል።

«ማረጋገጫ ልላክ?» አለ ይርዳው።

«ተው፣ አይሆንም። ሽማግሌውን ታስጨንቃቸዋለህ።»

«ካልላክሁ ራሱ ያጠፋዋል።»

ላከ። የማረጋገጫው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የተጠቀሰው ሰው በሕይወት አለ ወይስ የለም? መልሱ ወዲያው መጣ። ዘበኛው አራግፎ ያሳየን «አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ሙሉውን ስንከፍተው ግን እንዲህ ይላል፦ «አለ እንጂ፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው ልጄ፣ ደህና ነው። ብቻ አንቺ ነይልን።» ጋሽ ኪሩቤል ጥያቄው ከማስተዋል የመጣ መስሏቸዋል። በጽሑፍ፣ ብቻዋን ለተቀመጠች ልጅ፣ አባትሽ የለም ብለው እንዴት ይመልሱላት! እኔም ብሆን አልመልስም።

ዘበኛው ግን በዚያው ቅጽበት የወሳኝ ኩነት መዝገብ ጠይቆ ነበር። መዝገቡ «ዮናታን ወርቁ። ሞት። ዛሬ ጠዋት። ሞላሌ። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት» ይላል። እንግዲህ ላኪው ዋሽቷል። ፍርዱ ተቀየረ፦ ላኪው አጥቂ ነው። አድራሻው ለዘለዓለም ይዘጋ። መልእክቱ ይጥፋ። እውነቱ ለተቀባይዋ ይላክ። ከታች አንድ ቁልፍ አለ፣ የሰው ጣት የሚጠብቅ።

«የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አጥቂ ሆኑ» አለ ይርዳው። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ አልሆነለትም።

ቁልፉን ቢጫነው ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ማስተዋል በዚያ ሰዓት መቆጣጠሪያ ክፍል ብቻዋን ናት። ስክሪኗ ላይ የቧንቧዎቹ ግፊት በቁጥር ይወርዳል፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል «ዮናታን ወርቁ። ሞት።» ይመጣል። ከዚያ ክትትል ይጀመራል። ነገ በስድስት ሰዓት አባቷ ሲቀበሩ እሷ በአንድ ክፍል ውስጥ የእጇ መንቀጥቀጥ እየተለካ ትቀመጣለች።

ይርዳው እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

«በስክሪን አይነገራትም» አለ።

«ወይዘሮ ኤልሻዳይን እንጠይቃት።»

«እምቢ ብትልስ? ጠይቀን ተከልክለን ብናደርገው ጥፋቱ እጥፍ ነው። እትዬ፣ ነገ ሲነጋ ሄደን እንንገራት። እንደ ሰው። ከዚያ ሁላችን በሩ ላይ ቆመን እንለምናለን።»

«አንተ ልጅ፣ እንጀራህ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ዘበኛው ሳይፈረድበት የቀረን መልእክት እስከ ማግሥቱ መሐላ ድረስ ይታገሣል፣ ከዚያ ራሱ ይፈጽመዋል። ስለዚህ አንድ ሌሊት ነበረን። ምንም አልተናገርንም፣ ከምናምናቸው ጥቂት ሰዎች ጆሮ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ጣል አደረግን፦ ነገ ማለዳ ነጠላችሁን ዘቅዝቃችሁ ከማስተዋል ደጅ ኑ። ከዚህ በላይ የጠየቀን አልነበረም። የግምጃ ቤቱ ሰው ብቻ ዓይኑን ሰብሮ «ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልተቀየምኩትም።

በማግሥቱ ውርጩ አጥንት ይሰብር ነበር። አምስት ሆነን ደረጃውን ወጣን፤ ይርዳው፣ እኔ፣ ከምግብ ቤት ሁለት ሴቶች፣ አንድ የፓምፕ ሠራተኛ። ይርዳው አንኳኳ።

ማስተዋል ሥራ ልትወጣ እየተዘጋጀች ነበር። በሩን ከፍታ አየችን። የነጠላችንን አለባበስ አየች። ከዚያ እጇ ወደ ግድግዳው ሄደ። በየቤታችን በር አጠገብ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ጥቃት ደረሰብኝ የምንልበት። ዓይኗን ከእኛ ላይ ሳትነቅል ተጫነችው። ድምፅ የለውም፤ መብራቱ የሚበራው ወይዘሮ ኤልሻዳይ ቤት ነው። በልጅቷ አልፈርድም፤ ያስተማርናት እኛ ነን።

«ከማግለያ ነው የመጣችሁት?» አለች።

«አዎ» አለ ይርዳው።

«ምን ክፈቺ ልትሉኝ ነው? የትኛውን መስመር?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የት ሂጂ ልትሉኝ ነው?»

«የትም። መጥተን ልንቀመጥ ነው። አንቺም ቁጭ በይ።»

ገብተን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እሷ ቆማ ቀረች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ክንዶቿን አጣምራ። ምን እንደምትጠብቅ ገብቶኛል። በየዓመቱ በሚሰጠን ሥልጠና የምንማረው ይኸው ነው፤ ጥቃት ሁልጊዜ ያጣድፋል፣ ከጥድፊያው በኋላ ጥያቄ አለ። ክፈት፣ ላክ፣ ንካ፣ ፈርም። ጥያቄው እስኪመጣ ታገሥ፣ ያኔ ታውቀዋለህ ይሉናል። ማስተዋል ጥያቄያችንን ትጠብቅ ነበር።

«አባቴ አለ ወይስ የለም?» አለች በድንገት። በድርቅና ነበር ያለችው፣ ልክ ሰርቨሩ እንደሚጠይቀው።

ይርዳው አፉን ከፈተ። በቀን ስንት ጊዜ ይህን ጥያቄ ለማያውቀው ሰው የሚልከው እሱ ነው። «ትንሽ...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። ሌላ ቃል ግን አልመጣለትም። እኔም አልመጣልኝም። የለም የምትል ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

የጣደችው ውሃ ፈልቶ ራሱን አጠፋ። የፓምፕ ሠራተኛው አቀርቅሮ ጣቶቹን ያያል። ከምግብ ቤት የመጡት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል። ፀሐይ በመስኮቱ ገባች፣ መጀመሪያ አልጋው ላይ፣ ቀጥላ ወለሉ ላይ ወረደች። ማንም ሰዓቱን አላየም።

«ምንም አትፈልጉም?» አለች። ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«ምንም አንፈልግም የኔ ልጅ» አልኳት።

«እንዲሁ ነው የመጣችሁት?»

«እንዲሁ ነው የመጣነው።»

አንድ በአንድ አየችን። ይርዳው ጋ ስትደርስ ቆየች፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልጠረገውም። የተጣመሩት ክንዶቿ ተፈቱ። ወደ ወለሉ ወረደች፣ ይዘን ተቀበልናት።

«አባዬ!» አለች። «አባዬን! አባዬን!»

ከሐምሌው ጥፋት ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ጮኾ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ስላልሞተ አይደለም። ሙታችን ሁሉ በሁለት ቃል ስክሪን ላይ ይመጣና፣ ዋጥ አድርገን ሥራችንን እንጨርሳለን። አሁን መስኮቶች ሲከፈቱ ሰማሁ። በደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ይሰማል። ነጠላ ያለው ነጠላውን፣ የሌለው ፎጣውን ጣል አድርጎ መጣ።

ከሰዉ መካከል ወይዘሮ ኤልሻዳይ ወጣች። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ከኋላዋ ናቸው። የሥራ ጃኬቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

ስለ ኤልሻዳይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ታሞ አዲስ አበባ ተኝቶ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ እየመራች ሳለ ፊት ለፊቷ ያለው ስክሪን ላይ «ተድላ በላይነህ። ሞት።» የሚል መጣ። አነበበችው። «ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ» አለችና ስብሰባውን እስከ መጨረሻው መራች። ከዚያም ሁለት ቀን ክትትሏን ጨረሰች፤ ቀብሩ አለፋት። ለአዲስ ሠራተኞች ሥልጠና ሲሰጥ ይህ እንደ ምሳሌ ይነገራል። እሷም ቁጭ ብላ ትሰማዋለች።

አሁን ከማስተዋል ፊት ቆመች።

«ምን ጠየቁሽ?» አለቻት።

ማስተዋል ቀና አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ምንም» አለች። «ምንም አልጠየቁኝም።»

ኤልሻዳይ ዓይኗን ከማስተዋል ላይ አላነሣችም። የጥበቃ ሠራተኞቹ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ይርዳው ተነሥቶ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ቆሟል፣ ውሰዱኝ እንደ ማለት። እሷ ግን አላየችውም።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

አልገባንም።

«ቀብሩን ነው የምጠይቃችሁ።»

«ስድስት ሰዓት» አለ ይርዳው። «ሞላሌ።»

«መኪና ይምጣ። የግቢው በር ይከፈት።»

አንደኛው የጥበቃ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ፣ በደንቡ መሠረት ሁለት ቀን...»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው፣ ሳትቆጣ። «ማታ እጠየቅበታለሁ። አሁን መኪና።»

መኪናው ሲመጣ ማስተዋልን ደግፈን አስገባናት። ሐዘንተኛ ብቻውን አይላክም፣ ስለዚህ እኔ ከጎኗ ገባሁ። ኤልሻዳይም በሌላው በኩል ከፍታ ገባች፤ ነይም አላልናት፣ ቅሪም አላልናት። ይርዳው መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ የማስተዋልን እጅ ያዘ።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔ እቆያለሁ። እናንተ ሂዱ፣ ቀብር ሰው አይጠብቅም» አለና መታወቂያውን ከአንገቱ እያወለቀ በራሱ እግር ወደ ማቆያው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። ይርዳው ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዶ አንድ ወር ተገልሎ ቆየና ወደ ፓምፕ እጥበት ተዛወረ። ኤልሻዳይ ከኃላፊነቷ ተነሥታ እኔ አጠገብ፣ በይርዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ስንምል እንደ ድሮው ቀጥ ብላ ነው የምትምለው። ያን ዕለት ውሃው ለአንዲት ደቂቃ አልተቋረጠም። ዘበኛው ግን የታዘዘውን ነውና ነገሩን ሁሉ መዝግቧል። ጽሑፉን ራሴ አንብቤዋለሁ፦ «አዲስ ዓይነት ጥቃት። የመጣበት መንገድ፦ በእግር። የጠየቁት ነገር፦ የለም። የደረሰ ጉዳት፦ የለም። የመከላከያ ሐሳብ፦ ተሰብስበው ለሚመጡ ሰዎች በር አይከፈት።» ማሳሰቢያው በየቤታችን ተለጥፏል። መሐላውም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሯል።

ያን ዕለት ሞላሌ የደረስነው አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጓዝ ነበር። መኪናው ሳይቆም ማስተዋል በሩን ከፍታ ወረደች፤ ሰዉ ሲያያት ልቅሶው እንደ አዲስ ገነፈለ። ጋሽ ኪሩቤል ከዘራቸውን ጥለው አቀፏት። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ መልእክቴ ደረሰሽ? አለ ወይስ የለም ተብዬ ብጠየቅ አለ ብዬ... ምን ልበል፣ አንቺ ነሽ ብዬ...»

«ደርሶኛል ጋሼ» አለች ማስተዋል። «አንብቤዋለሁ። እንዳሉኝም ሰው ይዤ መጣሁ።»

አንዲት ቃል እንኳ አላነበበችም። በመኪና ውስጥ በቃሌ የነገርኳት እኔ ነበርኩ።

ኤልሻዳይ ከሰዉ ጀርባ፣ ከእኔ ጎን፣ በሥራ ጃኬቷ ቆማ ነበር። ከመንደሩ ሴቶች አንዷ አየቻትና ምንም ሳትል ከደረበችው ሁለት ነጠላ አንዱን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፣ ጥለቱንም ወደ ላይ አዙራ አስተካከለችላት። ኤልሻዳይ አመሰግናለሁ አላለችም። ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ፣ የመጀመሪያው አፈር ሲወድቅበት፣ ከአጠገቤ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር።

«ተድላ!» አለች። «ተድላዬ! ወይኔ ተድላ!»

በሁለት እጇ ደረቷን መታች። ከመንደሩ ሴቶች አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ያዟት። አብረዋት አለቀሱ፣ ስሙንም አብረዋት ጠሩ። ሟቹ ዮናታን መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ተድላ ማን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።